«ወደ ቤቴ ልሂድ» ሲሉን ምን እንመልስ?
የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን በቤት ውስጥ ስለ መንከባከብ



የካኩማ ካምፕ በ1992 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በዚያን ዘመን ጎልማሳ ሆነው የገቡ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ስለዚህ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ክትባት እንደምንማር ሁሉ ስለ እርጅና ዘመን ሕመሞችም መማር ይገባናል። በዚህ እትም የምንመለከተው በሕክምና ስሙ ዲሜንሺያ የሚባለውን የመርሳት ሕመም ነው።

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት የ76 ዓመት ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋቢያቸውን ለብሰው ይነሱና «መሸብኝ፣ ከብቶቹ አልገቡም፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ልጅቷም «አባባ፣ ካኩማ ነን እኮ! የምን ከብት ነው?» ትላለች። አባት ይቆጣሉ፣ ይገፏታል። አንድ ቀን ጠፍተው በታራች ወንዝ አሸዋ ላይ ተገኙ። ታራች ደረቅ ቢመስልም ከላይ ዝናብ ከጣለ በድንገት ይሞላል። ጎረቤት «ጃጅተዋል፣ እሰሪያቸው» ብሎ መከራት። እርሷም ማታ ማታ እግራቸውን ከአልጋው ጋር በነጠላ ማሰር ጀመረች።

ይህች ልጅ ክፉ አይደለችም። ደክማለች፤ ሌላ መንገድ የሚያሳያትም አላገኘችም። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለእርሷ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የመርሳት ሕመም አንጎልን የሚጎዳ በሽታ ነው። እርግማን፣ ቡዳ ወይም የኃጢአት ቅጣት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር በሚባለው በሽታ የሚመጣ ነው። በደም ግፊትና በስትሮክ ምክንያት የሚመጣም አለ።

ሁሉም መርሳት ግን በሽታ አይደለም። የራሽን ቀን ረስቶ በኋላ ማስታወስ በእርጅና ያጋጥማል። ራሽን ሰልፍ ላይ ቆሞ ለምን እንደመጡ አለማወቅ፣ ወይም ለዓመታት ከተመላለሱበት የውሃ ቦኖ ወደ ቤት መመለስ አለመቻል ግን መታየት አለበት።

በድንገት ከመጣ ወደ ክሊኒክ!

የመርሳት ሕመም ቀስ በቀስ፣ በወራትና በዓመታት የሚብስ ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ መዘባረቅ ወይም ከወትሮው በላይ መፍዘዝና ማንቀላፋት ከጀመሩ «ያው ሕመማቸው ነው» ብላችሁ አትተዉ። መንስኤው ወባ፣ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ፤ ከዘገዩ ግን ይገድላሉ። በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ውሰዷቸው።

በእርጅና ዘመን የውሃ ጥም ስሜት ይቀንሳል። በቱርካና ሙቀት አረጋውያን እስኪጠይቁ መጠበቅ አይገባም፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ስጧቸው። ፒሪተንን የመሳሰሉ የአለርጂ መድኃኒቶችና የእንቅልፍ ኪኒኖች አረጋውያንን ግራ ያጋባሉና ከሱቅ ገዝታችሁ አትስጡ። ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ አሳዩ።

ለምን አናስርም?

የታሰረ ሰው ለመላቀቅ ሲታገል ይወድቃል፣ አጥንቱ ይሰበራል። ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ገላው ይቆስላል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። እሳት ቢነሳ ማምለጥ አይችልም። ከሁሉ በላይ በስደት መንገድ መታሰርን ወይም መደብደብን ያየ ሰው ያ ሁሉ ዳግም የመጣበት ይመስለዋል።

ከማሰር በፊት እነዚህን ጠይቁ፤

1. ተርበዋል ወይም ተጠምተዋል?
2. መጸዳጃ ፈልገው መናገር አቅቷቸው ይሆን?
3. የሚያማቸው ነገር አለ? ጥርስ፣ ጉልበት፣ የሆድ ድርቀት?
4. የሚያስፈራቸው ድምፅ ወይም ጥላ አለ?
5. ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ተቀምጠው ሰልችቷቸው ይሆን?

ብዙዎች የሚብስባቸው አመሻሽ ላይ ነው። ሳይጨልም መብራት አብሩ፤ ጫጫታ ቀንሱ። ቀን ላይ ከጎናቸው ሆናችሁ በእግር አንሸራሽሯቸው። እጅ የለመደውን ሥራ ቶሎ አይረሳምና እናቶች ምስር ይልቀሙ፣ ቡና ይልቀሙ፤ አባቶች ገመድ ይግመዱ። ሥራው ባያምርም አታርሙ።

ስምና የብሎክ ቁጥር በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ በልብሳቸው ላይ ስፉ። ለጎረቤትና ለውሃ ቦኖ ጠባቂ ንገሩ። ላምባ በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ የከሰል ምድጃና ቢላዋ ከፊታቸው አርቁ።

«ወደ ቤቴ ልሂድ» ሲሉ

«ቤትህ የለም፣ እናትህ ሞታለች» ብሎ ማረም መርዶን በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ነው። «ነገ እንሄዳለን» ብሎ መዋሸትም አይጠቅም። እነዚህ አረጋዊ የሚፈልጉት ጭር የማይልና የሚያውቁት ቦታ ነው። ስለዚህ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ «ከብቶቹ ስንት ነበሩ አባባ? የላሟ ስም ማን ነበር?» ብላ ትጠይቅ። ይናገሩ፤ እርሷም ታዳምጥ። ከዚያም «ሻይ ፈልቷል፣ መጀመሪያ እንጠጣ» ትበል። ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል። ሆኖም ከክርክርና ከገመድ ይሻላል።

ስለ ቋንቋም ይታሰብ። ሕመሙ ሲጠና ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። ስዋሂሊ ይናገሩ የነበሩ ሰው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ክሊኒክ ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ቋንቋው ያልገባው ሐኪም ሕመሙን ከሆነው በላይ ወይም በታች ሊገምተው ይችላል።

ለአስታማሚዋም እናስብ

ሌሊት የማይተኛ ሰው ቀን ይቆጣል። እድር ወይም የቡና ማኅበር ካላችሁ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ተራ ግቡላት፤ ትተኛ፣ ራሽን ትቀበል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሂድ። ቁጣው ሲበረታባት ሰውዬውን ከአደጋ አርቃ ለአፍታ ወደ ደጅ ብትወጣ ነውር አይደለም።

ለበጎ ፈቃደኞች የመወያያ ጥያቄዎች

1. በብሎካችሁ የታሰረ ወይም የተቆለፈበት አረጋዊ ብታገኙ፣ ቤተሰቡን ሳታሳፍሩ እንዴት ትጀምራላችሁ?
2. ቀስ ብሎ የመጣን መርሳት በድንገት ከመጣ መዘባረቅ በምን ትለያላችሁ?
3. ተራ የሚገቡ 3 ጎረቤቶችን ከየት ታገኛላችሁ?

ያስታውሱ፤ ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የአባባን አእምሮ መመለስ አንችልም፤ አነጋገራችንንና ቤታችንን ግን መለወጥ እንችላለን። ነጠላውም ከእግራቸው ተፈትቶ ወደ ትከሻቸው ይመለስ።