ጎመን አገዳ ሲያወጣ ምን እናድርግ?



በጅቡቲ ከተማ በደጃፉ፣ በግማሽ በርሜል ወይም በአሮጌ ሳፋ ጎመን የዘራ ሁሉ የሚገጥመው ነገር አለ። ቅጠሉ የሰፋው ጎመን በድንገት ከመሐሉ አገዳ ያወጣና ቢጫ አበባ ያብባል። ብዙዎች «ተበላሸ» ብለው ይነቅሉታል። በባልባላ አንዲት ጎረቤቴ በጀሪካን ገዝታ ባጠጣችው ውሃ ያደገውን ጎመን ስትነቅል ደረስኩባት። የዘራችው ከአገር ቤት ቋጥራ ያመጣችውን የመጨረሻ ዘር ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ተክል ሙቀት ሲበረታበት፣ ውሃ ሲያጥረው ወይም ሥሩ በጠባብ ዕቃ ሲጨናነቅ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ዘር ለመተካት ይቸኩላል። በሌሎች አገሮች የቀን መርዘምም ትልቅ ምክንያት ነው። ጅቡቲ ግን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከ1 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ስለዚህ እዚህ ዋናው ምክንያት ሙቀቱ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ. ጎመን፦ አገዳው ለጋ ሳለ፣ አበባው ሳይፈነዳ ቁረጡት። ተከትፎ እንደ ቅጠሉ ይበላል። ተክሉም ከጎን አቆጥቁጦ ለጥቂት ሳምንታት ቅጠል ይሰጣል።

2ኛ. ሰላጣ፦ አገዳ ማውጣት ሲጀምር ነጭ ወተቱ ስለሚበዛ ቅጠሉ ይመርራል። አገዳውን መቁረጥ ምሬቱን አይመልሰውም። ሳይውል ሳያድር ልቀሙት።

3ኛ. ቆስጣ፦ ለማበብ አስቀድሞ ብርድ ስለሚፈልግ እዚህ በቀላሉ አያብብም። ጨዋማ ውሃንም ከሰላጣ ይልቅ ይችላል።

ዘር ስለመያዝ

መጀመሪያ ካበበው እግር ዘር አትያዙ፤ ልጆቹም ቶሎ ያብባሉ። ዘግይቶ ካበበው ያዙ። የዘሩ ከረጢት ቢጫ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ በጠዋት አጭዳችሁ በጥላ አድርቁ። ከዚያ አሽታችሁ አንፍሱና በደረቅ ጠርሙስ ክደኑ። የተረፈው ጎመን ዘር፣ እናቶች እንደሚያውቁት፣ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

ለመከላከል

ጎመንና ሰላጣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቃዛ ወራት ዝሩ። የሰላጣ ዘር ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በደንብ አይበቅልም፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውሃ እንስራ አጠገብ አጎንቁሉት። ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በጆንያ ከልሉ። ማታ ወይም ማለዳ አጠጡ። በበጋው፣ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ ሙቀት የሚችሉትን አሉማንና ሽፈራውን ማልማት ይሻላል።

የጎረቤቴ ጎመን ሁሉ አልተነቀለም ነበር። ገና አገዳ ያላወጡ ሁለት እግሮች ቀርተው ነበርና እነርሱን ለዘር አቆየቻቸው። በኋላ ያፈሩትን ዘር በሻይ ማንኪያ እየሰፈረች ለሦስት ቤት አካፍላለች፤ አንዱ የእኔ ነው።