ስለ «ወይም» አጠቃቀም

አዋሽና ሰመራ በአንድ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናቸውና፥ ለዕረፍት ወደዚያ የሚሄዱትን ጓደኞቻችንን ፓይተን እንዲለይልን «ከተማው አዋሽ ወይም ሰመራ ከሆነ» ብለን ጻፍንለት። የጎንደሩንም የጅማውንም አሳለፈና አውቶቡሱ በስም ሞላ፤ ሁለት የሰመራ ልጆች ቦታ አጡ። ጥፋቱ የእኛው ነው።

በአማርኛችን «ከሆነ» መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ስሞች ይገዛል። በፓይተን ግን የእኩልነቱ ምልክት የሚይዘው አዋሽን ብቻ ነው። ሰመራ ብቻውን ይቀራል፤ ባዶ ያልሆነ ቃል ሁሉ ደግሞ እንደ እውነት ይቆጠራል። ስለዚህ «ከተማው አዋሽ ከሆነ፥ ወይም ከተማው ሰመራ ከሆነ» ብሎ መድገም ያስፈልጋል። ገዋኔና ሚሌ ሲጨመሩ ስሞቹን በዝርዝር አኑሮ በ«ኢን» መጠየቅ ይቀላል።

«አዋሽ ካልሆነ ወይም ሰመራ ካልሆነ» የሚልም አይጠፋም። አንድ ከተማ ሁለቱንም ሊሆን አይችልምና ይህም ሁሉን ያሳልፋል፤ እዚህ የሚገባው «እና» ነው።