ውበት በመርፌ፤ ጉዳቱም ውሎ አድሮ

በዘመናችን ብዙ ሰዎች የፊታቸውን መጨማደድ ለማጥፋት ወይም ከንፈራቸውንና ጉንጫቸውን ለመሙላት ሲሉ ከቆዳቸው ሥር መሙያ በመርፌ ያስገባሉ። ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ መልክም ወዲያው ይለወጣል። ነገር ግን አንዳንዱ ጉዳት የሚገለጠው ከወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነ ውጤቱን በዕለቱ መልክ ብቻ መመዘን አይገባም። ይህን ለመረዳት ነገሩን ከመነሻው እንመልከት።

በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ገርሱኒ የተባለ የቪየና ሐኪም፣ በበሽታ ምክንያት የአካሉ ክፍል ለተወሰደበት ወጣት ቫዝሊን በመርፌ አስገባለት። የመጀመሪያው ውጤት መልካም ስለ መሰለ፣ ሌሎች ሐኪሞች ፓራፊን የተባለውን ሰም ጭምር አፍንጫ ለማቅናትና መጨማደድን ለማጥፋት ይጠቀሙበት ጀመር። ይሁን እንጂ ሰሙ ከገባበት ቦታ እየተንሸራተተ ሄደ፤ በዙሪያውም ጠጣር እብጠት ተፈጠረ፤ ቆዳም ቆሰለ። በውበቷ የታወቀችው፣ ኋላም የማርልቦሮ መስፍን ሚስት የሆነችው አሜሪካዊቷ ግላዲስ ዲከን በአፍንጫዋ ያስገባችው ሰም ወደ አገጯ ወርዶ መልኳን አበላሸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ፈሳሽ ሲሊኮንም ውሎ አድሮ ተመሳሳይ እብጠት አስከተለ።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ሰውነታችንን የሚጠብቁት ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲያገኙ ሊውጡት ይሞክራሉ። መዋጥ ቢያቅታቸው ተሰብስበው ይከቡታል፤ በዚህም የሚሠራውን እብጠት ሐኪሞች ግራኑሎማ ይሉታል። እንደዚሁም ከመርፌው ጋር የገባ ባክቴሪያ በመሙያው ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ለረዥም ጊዜ ሊደበቅ ይችላል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሥራ የፈቀደው በ2003 ነው። ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኤንዛይም ሊሟሟ ስለሚችል ከሰምና ከሲሊኮን ይሻላል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ከጉዳት ነጻ አይደለም፤ ሰውየው በጉንፋን ወይም በሌላ ሕመም በተያዘ ጊዜ የቆየው መሙያ ሊያብጥ ይችላል። በ2020 የሞደርና የኮቪድ ክትባት ሲፈተን፣ ቀድሞ መሙያ ያስገቡ ጥቂት ሰዎች ፊታቸው ወይም ከንፈራቸው አብጦ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ በበሽታ ወይም በአደጋ ፊቱ የጎደለ ሰው በሐኪም ምክር ቢታከም የሚነቀፍ አይደለም። ጤናማ ፊት ይዞ ሥዕል ለመምሰል ብቻ ወደ መርፌ መሮጥ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። የሚያስገባም ሰው ቢሆን ሥራውን ወደሚያውቅ ሐኪም ይሂድ፤ የገባውን ነገር ስም፣ መጠንና ቀን ጽፎ ይያዝ። ከዓመታት በኋላ እብጠት ቢነሣ፣ የገባው ሃያሉሮኒክ አሲድ ይሁን ሲሊኮን ካልታወቀ፣ ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚረዳ በምን ያውቃል? መልክ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ሰውነት ግን የገባበትን ባዕድ ነገር ቶሎ አይረሳም።