የራስ ቆረቆርና የማጅራት ዕጢ

ክረምት ደርሶ ወደየአገራችን ስንበተን እናቶች «ልጄ፥ አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ይህን ልጅ እየው» ይሉናል። ሐኪሞች ባንሆንም የምንመልሰው ቃል ሊጠቅምም ሊጐዳም ይችላል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ላቅርብ።

በመንዝ፥ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የስድስት ዓመት ልጅ አለ እንበል። ራሱ ላይ ቍስል ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ ጠጕሩ በየቦታው ረግፏል፤ በማጅራቱና ከጆሮው ኋላ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ዕጢዎች አብጠዋል። እናቱ ቅቤ ትቀባዋለች። ጎረቤት ግን «ዕጢው ይበጣ፥ ወይም ይተኰስ» ይላል። ምን እንመልስላት?

አንደኛ፤ የሕመሙን ሥር እንወቅ። በአገራችን የልጆችን ራስ ቆረቆር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ትራይኮፋይቶን ቫዮላሲየም የተባለ ከሻጋታ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው። ወንድማማቾች በአንድ ምላጭ ሲላጩ፥ ማበጠሪያና ቆብ ሲዋዋሱ፥ በደጋው ብርድ በአንድ ባና ሥር ተቃቅፈው ሲያድሩ ይተላለፋል። እንግዲህ እርግማንም፥ የእናት ስንፍናም አይደለም።

ሁለተኛ፤ ዕጢው ዘበኛ ነው። ከራስ ቆዳ የሚወርደው ፈሳሽ በማጅራትና በጆሮ ኋላ ባሉት ዕጢዎች ያልፋል፤ ሰውነት ከበሽታው ጋር የሚዋጋውም በዚያ ስለ ሆነ ያብጣሉ። ቍስሉ ሲድን እነርሱም ቀስ በቀስ ይሟሽሻሉ። ዕጢውን መብጣት ሌባውን ትቶ ዘበኛውን መምታት ነው።

ሦስተኛ፤ ቅባት ብቻ አይበቃም። ፈንገሱ ጠጕሩ ውስጥ ስለሚገባ መድኃኒቱ በአፍ መወሰድ አለበት። ከነዚህ አንዱ ግሪሲዮፉልቪን እ.ኤ.አ. በ1939 ከሻጋታ ተገኘ፤ በ1958 ጄንትልስ የተባለ ተመራማሪ በአፍ ሰጥቶ ቆረቆር የያዛቸውን የጊኒ አይጦች እንዳዳነ አስታወቀ። ሻጋታ በሻጋታ ተሸነፈ ማለት ነው። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለስድስት ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በይበልጥ ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ የእናቲቱ ቅቤ ከራሱ ይልቅ በምግቡ ላይ ቢሆን ይሻላል! ቍስሉ አብጦ መግል ከያዘ ግን መቸኰል ያስፈልጋል፤ ጠባሳ በቀረበት ቦታ ጠጕር ተመልሶ አይበቅልም።

አራተኛ፤ የዕጢ እብጠት ሁሉ ከቆረቆር አይመጣም። ቅማል አሳክኮት የቈሰለ ራስም ዕጢ ያሳብጣል። ቍስሉ ድኖ ዕጢው ካልሟሸሸ፥ እያደገ እርስ በርሱ ከተያያዘ ወይም ከፈነዳ፥ ልጁም ከከሳና የማታ ትኵሳት ከያዘው፥ በአገራችን ብዙ የሚገኘው የዕጢ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይመርመር።

እንግዲህ መልሳችን አጭር ነው፤ «እትዬ፥ አይበጣ፤ ምላጩን ለሌላ ልጅ አይጠቀሙበት፤ ወንድሞቹንም ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።» ሌላም ዕዳ አለብን። በልጅነታችን «ቆረቆራም» ብለን የሳቅንበት፥ ከዚያም ትምህርት ቤት መምጣት ያፈረ ጓደኛ ያልነበረው ከመካከላችን ማን ነው? የዚህ ዓመቱን ልጅ እንኳ ከዚያ እናድነው።