«አመመሽ እንዴ?» ከዓይን ሥር ስለሚታይ ጥቁረት የቀረቡ ጥያቄዎችና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ውስጥ በገንዘብ ከፋይነት እሠራለሁ። ከዓይኔ ሥር ከልጅነቴ ጀምሮ ይጠቁራል። እንቅልፌን ጠግቤ ብነሣም በመስኮቱ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «አመመሽ እንዴ?» ይለኛል። አንዷማ «ባልሽ አያስተኛሽም መሰለኝ» ብላ ሰልፉን ሙሉ አሳቀችብኝ። እናቴም እኅቴም እንደኔው ናቸው። ያልገዛሁት ክሬም የለም። በሽታ ነው? ይጠፋል?

መልስ፦ ከእናትዎ ልጀምር። ከልጅነት የጀመረ፣ እናትም እኅትም ላይ ያለ፣ እንቅልፍ ቢጠገብም የማይለወጥ ጥቁረት አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚወረስ የቆዳ ቀለም ነው። በሽታ አይደለም። ጨርሶ አጠፋልሻለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ፤ ማደብዘዝ ግን ይቻላል።

ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንደ ጉንጭ የሚደግፈው ስብም ከሥሩ የለም ማለት ይቻላል፤ ወዲያው ጡንቻና የደም ሥር ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ስም «ጥቁረት» የምንለው ነገር አንዳንዴ የቆዳው የራሱ ቀለም ነው፣ አንዳንዴ በስሱ ቆዳ አሳልፎ የሚታይ ደም ነው፣ አንዳንዴም ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ የሚያርፍ ተራ ጥላ ነው። ብዙ ሰው ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ። ያ ሁሉ ክሬም ያልሠራልዎትም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ለቀለም የተሠራ ክሬም ጥላን ምን ያደርገዋል?

ሌላ ክሬም ከመግዛትዎ በፊት በቀን ብርሃን ፊትዎን ወደ መስኮት አዙረው መስተዋት ይያዙ። የታችኛውን ቆዳ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ጉንጭዎ ሳብ ያድርጉት። ቡናማው ነገር ከቆዳው ጋር አብሮ ከተሳበና መልኩን ካልለወጠ ቀለም ነው። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይበልጥ ጎልቶ ከወጣ የደም ሥር ነው። ቆዳው ሲወጠር ጥቁረቱ ከቀለለ፣ ወይም አገጭዎን ወደ ብርሃኑ ቀና ሲያደርጉ ከጠፋ፣ ሲያዩት የኖሩት ጥላ ነው። ይህን ምርመራ እኔም ክሊኒክ ውስጥ የማደርገው በጣቴና በመብራት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም።

የእርስዎ እንደምገምተው ቡናማው ከሆነ ዋናው መድኃኒት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያጠቁረው ጨረርም 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ስለሚያታልለን ፀሐዩን እንንቀዋለን። መከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ቢቻል ቀለም ያለውንና አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትን ይምረጡ፤ ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየውም ብርሃን ስለሆነ ነው። መነጽርና ባርኔጣም ይረዳሉ። ማታ ማታ ሬቲኖል ያለበት ክሬም በሳምንት ሁለት ቀን፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ፣ የዓይን ጉድጓድ አጥንት በሚዳሰስበት መስመር ላይ ይቀቡ፤ ሽፋሽፍት ድረስ አይጠጉ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ሬቲኖል ይቅርብዎት። ለውጥ ካለ ለማየት ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል።

ለመስኮቱ ደንበኛ ደግሞ የሜካፕ ባለሙያዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ። ከቆዳዎ የነጣ ኮንሲለር ብቻውን ሲቀቡት አመድማ ይሆናል። ከሥሩ ስስ ብርቱካንማ ማስተካከያ ቢቀድም ጥቁረቱን ይገድለዋል። በዚህ አላፍርም፤ አንዳንድ ጊዜ ከማዝዘው ሁሉ ታካሚዬን የሚያስደስታት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ፊት የሚያቀላ ክሬም ሰጠችኝ። ማድያቷን አጥፍቶላታል። ከዓይኔ ሥር ብቀባው ምን ይለኛል?

መልስ፦ አይቀቡት። አንዲት ታካሚዬ እንዲህ ያለ ክሬም ይዛልኝ መጥታ ነበር። ከቦርሳዋ ያወጣችው አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ነበረች፤ ላይዋ ላይ አንድ ፊደል የለም። ሻጯ ከትልቁ ዕቃ በማንኪያ ቀንሳ ነው የሰጠቻት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ኋላ ግን ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሣ የደም ሥሮቿ ይቆጠሩ ጀመር፤ ቡግርም ወረራት። ስታቆም ደግሞ ፊቷ ተቃጠለ።

እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፤ ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚሳሳበት ቦታ የለውም። ጥቁረት ሊያጠፉ የቀቡት ነገር ከሥር ያለውን ደም አጉልቶ ያሳያል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ዓይን አጠገብ ሲቀባ የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ፣ አልፎም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። በሜርኩሪ ጉዳይ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በጠቅላላ እንዲቀር ወስነዋል፤ ውሳኔው ግን ጽሑፍ የሌላት ዕቃ ጋ አይደርስም። ጓደኛዎም ወደ ቆዳ ሐኪም ብትሄድ ደግ ነው፤ ከቆየችበት በድንገት አታቁም።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ከሁለቱም ዓይኖቹ ሥር የተመታ ይመስላል። አፍንጫው ዝግ ነው፣ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ሲያሽ ነው የሚውለው። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ብሎኛል። ከፋርማሲ የገዛሁት ጠብታ ሲጨመርለት ይሻለዋል፤ ሲያልቅ ይብስበታል። አሁን አራተኛው ጠርሙስ ላይ ነን።

መልስ፦ እናቴ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ጥቁረቱ ሳይሆን አራተኛው ጠርሙስ ነው። በመጀመሪያ የጠብታውን ስም ያንብቡ። ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ሲጨመር ሕመም ሳይሰማው የልጁን እይታ ሊሰርቅ ይችላል። ጠርሙሱን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ፤ የዓይኑ ግፊት መለካት አለበት።

የጻፉልኝ ሁሉ የአለርጂ ምልክት ነው። አፍንጫው ውስጥ ያለው ሥጋ ሲያብጥ ከዓይን ሥር ወደዚያ የሚወርደው ደም መንገዱ ይጠብበታል፤ ይጠራቀማል፤ በስሱ ቆዳ ውስጥም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ ማሸቱ አለ። በየቀኑ የሚታሽ ቆዳ ይቆጣል፣ ተቆጥቶም ይጠቁራል። ማሸት ከዚህም የከፋ መዘዝ አለው፤ ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን ብሌን እያሳሳ ቅርጹን ሊያበላሸው ይችላል።

ስለዚህ «አትሽ!» ብሎ መቆጣት ብቻውን አይበቃም፤ የሚያሳክከው እኮ አለ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው አምስት ደቂቃ ዓይኑ ላይ ያኑሩለት፤ ማሳከኩን ወዲያው ያበርድለታል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱንና እጁን ይታጠብ። የሚተኛበትን ብርድ ልብስና የትራስ ጨርቅ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይጠቡ፣ ፀሐይ ላይ ያስጡ። የከሰልና የዕጣን ጭስ ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ፤ ቡናውን በረንዳ ላይ ያፍሉት እንጂ ይቅር አላልኩም። ለአፍንጫውና ለዓይኑ ሐኪሙ ስቴሮይድ ያልሆነ የአለርጂ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። አፍንጫው ሲከፈት ጥቁረቱም በሳምንታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ዓይነት የዓይን አለርጂ ያለባቸው ብዙ ልጆች ጉርምስናን ሲያልፉ ይተዋቸዋል።

ስለ ጎረቤትዎ፦ ጸሎቱም ጠበሉም ይሁን፤ ጠብታው ግን ይታይ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፤ እንዳልተኛ ጫት እቅማለሁ። ዓይኔ ሥር ጠቁሮ ገባ ብሏል። ቫይታሚን ልውሰድ?

መልስ፦ ቫይታሚን እንቅልፍ አይሆንዎትም። እንቅልፍ ሲያጥር ፊት ይገረጣል፤ በገረጣ ቆዳ ሥር ደግሞ የደም ሥር ይጎላል። ጫት ረኃብንም እንቅልፍንም ያርቃል፤ የከሳ ፊት ላይ ዓይን ሥር ያለው ጉድጓድ ይሰፋል፣ ጥላውም ይበረታል። ቀን የሚተኙ ከሆነ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርደው፣ ስልክ ዘግተው፣ ሰባት ሰዓት ያህል ይተኙ፤ ጫቱን ቢያንስ ከፈረቃው ማብቂያ ያርቁት። ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክና የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጡ መንጣት ካለ ግን የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ፤ ቀላል የደም ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ ኪያር፣ ሎሚ፣ የሻይ ከረጢት፦ የትኛው ይሠራል?

መልስ፦ ኪያርና የሻይ ከረጢት በዋናነት የሚረዱት ስለሚቀዘቅዙ ነው፤ እብጠት ያበርዳሉ፣ ቀለም አይነኩም። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ማንኪያም ያው ነው፤ ኪያሩን ሰላጣ ያድርጉበት። ሎሚ ግን ጨርሶ አይነካ። ያቃጥላል፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ከቀድሞው ብሶ ይጠቁራል። ኩል የሚኳሉም ይጠንቀቁ፤ በባህላዊ መንገድ የሚዘጋጅ አንዳንድ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል። ሕፃናትን መኳል በተለይ ይቅር።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ የሚያስሮጠው የትኛው ነው?

መልስ፦ በአንድ ዓይን ብቻ በድንገት የመጣ፤ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የእይታ መቀነስ ያለበት፤ ዓይን ወደ ውጭ የሚገፋ። ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ ሁለቱም ዓይኖች ዙሪያ ከጠቆረ የራስ ቅል ስብራት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሕፃን ልጅ ሳይወድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ የበለዘ ከመሰለም አይጠበቅም። ጠዋት ጠዋት ፊቱ የሚያብጥና ሽንቱ አረፋ የሚሠራ ሰው ሽንቱን ያስመርምር፤ ኩላሊት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ለግላኮማ ላታኖፕሮስት የሚባል ጠብታ ከጀመሩ ወዲህ ዓይናቸው ዙሪያ ጠቆረ፤ ሽፋሽፍታቸውም ረዘመ። «መርዝ ነው» ብለው ሊያቆሙ ነው።

መልስ፦ እንዳያቆሙ ይለምኑልኝ። ጥቁረቱም የሽፋሽፍቱ መርዘምም የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ የቆዳው ጥቁረት መድኃኒቱ ሲቀየር በወራት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። ጠብታውን ማታ፣ ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት፣ አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የውስጠኛውን የዓይን ጥግ ሁለት ደቂቃ በጣት ጫን ያድርጉ። የፈሰሰውን ወዲያው በሶፍት ይጥረጉላቸውና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይታጠቡ። ካልቀነሰ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ከሌላ ወገን የሆነ ጠብታ ሊቀይሩላቸው ይችላሉ።