በከተማ ውስጥ የፈለፈለችን የዱር ዳክዬ ከነጫጩቶችዋ ወደ ውሃ ስለ ማድረስ

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች፤ ወንዱ ራሱ አረንጓዴ የሆነው የዱር ዳክዬ ሴቲቱ ብዙ ጊዜ ከውሃ ርቃ በአጥር ሥርና በአትክልት ውስጥ ዕንቁላል ትጥላለች። ከ8 እስከ 13 የሚደርስ ዕንቁላል 28 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ባንድ ቀን ውስጥ ወደ ውሃ ትመራቸዋለች፤ ለመብረር ግን 50 ወይም 60 ቀን ያህል ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ጥፋት ሊደርስባቸው ይችላል።

አንደኛ፤ ዕንቁላሉ ሳይፈለፈል ጎጆውን ማንሣት አይገባም፤ እናቲቱ ትታው ትሄዳለችና። በአሜሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ይህን ማድረግ ይከለክላል።

ሁለተኛ፤ ውሃው ቅርብ ሲሆን መኪናን አስቁሞ፤ ውሻን አስሮ፤ የጎርፍ መውረጃውን ቀዳዳ ከድኖ በእግርዋ ማሳለፍ ነው።

ሦስተኛ፤ ግንብ የከለከላት እንደ ሆነ ጫጩቶቹን አየር በሚያስገባ ቅርጫት አድርጎ፤ እናቲቱ እያየችና ድምፃቸውን እየሰማች እንድትከተል በዝግታ መሄድ ነው። በውሃው ዳር ለቅቆ ፈቀቅ ማለት ይገባል። ያለ እናታቸው የተወሰዱ ጫጩቶች በብርድና በአውሬ ይጠፋሉ።

በኢትዮጵያም ደጋ ሐይቆችና ረግረጎች መንቁሩ ቢጫ የሆነ የዱር ዳክዬ ይኖራል። በከተማ አጠገብ የፈለፈለች ስትገኝ ሹሙም ባለ ይዞታውም በዚሁ ሥርዓት ቢያስጠብቅ ወጪው ጥቂት፤ ጥቅሙ ግን ለአገር ነው።