ለበለስና ለእሬት የሚስማማ አፈር

የላስታ ገበሬ ሆይ፤ በለስና እሬት ድርቅን የሚችሉ ተክሎች መሆናቸው የታወቀ ነው። በኩልመስክና በላሊበላ የአጥር ጥግንና የመንገድ ዳርን ለማልማት ይስማማሉ፤ የበለስ ፍሬ ደግሞ ለሰው፥ ቅጠሉ በበጋ ለከብት ይሆናል። ይሁን እንጂ እነዚህን ተክሎች ከውሃ ማነስ ይልቅ የውሃ ብዛት ቶሎ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ከመትከል በፊት አፈሩን ማወቅ ይገባል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?
እነዚህ ተክሎች ውሃን በወፍራም አካላቸው ያከማቻሉ። የሚተነፍሱባቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግተው ሌሊት ስለሚከፍቱ ፀሐይ ውሃቸውን አትጨርሰውም። ሥራቸው ግን በአፈሩ የላይኛው ክፍል የሚሰራጭ ሲሆን አየር ይፈልጋል። ዋልካ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውሃ ሲቋጥር ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። አሸዋ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ምግብ ስለሌለው ተክሉ ይቀጭጫል። የሚበጀው የሁለቱ መካከል ነው።

አፈርን መፈተን
አንድ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ሲሰርግ ዳግመኛ ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱ ተኝቶ ከተገኘ ስፍራው እንዲሁ እንዳለ ለበለስ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ስፍራ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ በላዩ መትከል ያሻል።

ድብልቁ
በቆርቆሮ ወይም በአሮጌ ጀሪካን ለሚተከል፥ 2 እጅ የጓሮ አፈር፥ 2 እጅ አሸዋ ወይም ደቃቅ ቀይ ገረጋንቲ፥ 1 እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ይደባለቅ። ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዕቃው ከሥሩ ይበሳ። ብዙ ሰዎች ከታች ጠጠር ይደፋሉ፤ ይህ ግን አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ይቋጥራል። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል እንጂ ለብቻው አይነጠፍ።

አተካከል
የተቆረጠውን የበለስ ቅጠል ቁስሉ እስኪደርቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በጥላ ሥር አቆዩት። ሲተከል ከሲሶው እስከ ግማሹ ይቀበር፤ ሥር እስኪሰድም ውሃ አይብዛበት። ከእናቱ የተገነጠለ የእሬት ችግኝም ጥቂት ቀን ይጠውልግ።

ማስጠንቀቂያ
በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለቀለም ሥራ ተብሎ ወደ ደቡብ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ብዙ በለስ አጥፍቷል፤ ወደ ራያም ተዛምቷል። ምልክቱ በቅጠሉ ላይ ያለ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ነው፤ ሲጨፈለቅ እንደ ደም ይቀላል። ስለዚህ ተባዩ ካለበት አገር የበለስ ቅጠል አታምጡ። ምልክቱን ያየ ሰው ቅጠሉን ወዲያው ቆርጦ ይቅበር፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም ሳይውል ሳያድር ያስታውቅ። አፈሩ ቢስማማ እንኳ ተባይ ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።